ላስቲኩ አይመለስም

ኤልናታንን የገደለው ነገር ገና አንገቱ ላይ ነበር። ገዳዩ ፈትቶ ለመውሰድ እንኳ አልደከመም። ከጫማ ማሰሪያ ብዙም የማይወፍር ጥቁር ላስቲክ ሁለቴ ዞሮ ሥጋው ውስጥ ሰጥሟል፤ ትርፉ ሲሚንቶው ላይ ተጋድሟል። ኢንስፔክተር አስካለ የሚያማትን ጉልበቷን ይዛ በርከክ አለችና ጫፉን በጓንቷ ጎተት አድርጋ ለቀቀችው። ተመልሶ አልተሰበሰበም። ተለጥጦ ያለቀለት ነገር ነው።

«የመናኸሪያ ማሰሪያ ይመስላል፤» አለ ሳጅን ደበሌ ከኋላዋ ቆሞ።

መምሰሉንስ ይመስላል። መናኸሪያ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭነት የሚያስሩት ልጆች ሁሉ እንዲህ ያለ ቀጭን ማሰሪያ ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ነው የሚውሉት። አስካለ ግን «ይመስላል» የሚባለውን ቃል አትወደውም። በ«ይመስላል» ታስሮ በ«አይደለም» የተፈታ ስንት ሰው አይታለች፤ ሳይፈታ የቀረም አይታለች።

ቦታው ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለ ሰፊ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ኤልናታን የማስተማር ሥራውን ትቶ ከጓደኛው ከብዙአየሁ ጋር አዲስ ነገር የሚሠራበት ቦታ ነበር። ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣ የዛፍ ጎማና ከየመንደሩ የሚለቀም አሮጌ ፌስታል አንድ ላይ አቅልጠው የጭነት ማሰሪያ ያወጣሉ። የጎማውን መለጠጥ ከፕላስቲኩ ጥንካሬ ጋር አጋብተናል ይሉ ነበር። ሰው ለዚህ ጋብቻ ስም አላወጣለትም፤ በደፈናው ላስቲክ ይለዋል። ምን ያድርግ፤ ባገራችን የዳቦ መያዣውም ላስቲክ ነው፣ የሱሪ ወገብ ውስጥ የሚገባውም ላስቲክ ነው።

አስከሬኑን ያገኙት ዘበኛው አባባ ገብረጻድቅ ናቸው። ጎህ ሲቀድ በር ላይ ባለችው ጎጇቸው ዳዊት እየደገሙ ሳለ ከውስጥ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሰምተዋል። አንደኛው ኤልናታን ነው። ሌላኛው በጓሮ በር ሳይገባ አልቀረም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለሚያወራ አልለዩትም።

«ምን ሲባባሉ ሰሙ?» አለች አስካለ።

«ጎልቶ የተሰማኝ አንድ ነገር ነው ልጄ። ‹ያንተ ላስቲክ አይመለስም› አለው ኤልናታን። ‹አይመለስም፣ ስንቴ ልንገርህ› አለው። ከዚያ ዝም አሉ። እኔ የተግባቡ መስሎኝ ዳዊቴን ቀጠልኩ።» ሽማግሌው ይህን ብለው የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

ደበሌ በአገጩ ወደ ግድግዳው አመለከተ። ከመሸጫው ጠረጴዛ በላይ፣ እንደማንኛውም የከተማው ሱቅ፣ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጠረጴዛው ሥር ደግሞ በማዳበሪያ የታጨቀ ያገለገለ ማሰሪያ ተቀምጧል። ትናንት ያመጣው ደረሰ የሚባል የመናኸሪያ ጭነት አሳሪ ነው አሉ። ሊመልስ መጥቶ አልቀበልም ሲባል ኤልናታንን ሰድቦት ሄዷል።

ነገሩ ገና ጠዋት ላይ ያለቀ መሰለ።

*

ደረሰን የያዙት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው። ዓመት ያልሞላት ልጁ ኢያኤል ልቧ ታሞ እዚያ ተኝታለች። ሚስቱ ሀሴት ከክፍሉ ስትወጣ ያየችው ባሏን በካቴና ሲወስዱት ነበር። አልጮኸችም፤ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

የጠቡን መነሻ መናኸሪያ ውስጥ የማያውቅ የለም። ደረሰ ዲላ በሚሄድ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ያሰረው የብረት አልጋ ፀሐይ በበረታበት ሰዓት ላልቶ ወደቀና የአንድ ባለሞተር እግር ሰበረ። ማሰሪያው የእነኤልናታን አዲስ ላስቲክ ነበር። ጥፋተኛ የተባለው ግን ማሰሪያው ሳይሆን አሳሪው ነው፤ ቋጠሮ አያውቅም ተብሎ ከሥራው ተባረረ። ልጁ በታመመችበት ወቅት መባረሩ ልቡን አዞረውና፣ የተረፈውን ማሰሪያ ተሸክሞ ሄዶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ኤልናታንን በዚሁ ላስቲክህ አንቅሃለሁ አለው። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል።

አስካለ ይህን ሁሉ ብትሰማም ዛቻ ለብቻው ሰው አይገድልም ብላ ነበር። የከፋው በኋላ የመጣው ነው። ያን ዕለት ንጋት ደረሰ የሚሄድበት የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ለእሱ ልጅ፣ ለኢያኤል፣ ጾመው በማለዳ ጸሎት ላይ ነበሩ። ሚስቱ ሕፃኗን ለራሱ ለደረሰ ትታ እዚያ ነበረች። መጋቢው ነበሩ። ጎረቤቱ ሁሉ ነበረ። አባትየው ብቻ አልነበረም፤ ሆስፒታሉም ውስጥ አልነበረም።

«ለልጅህ ሲጸለይ የት ነበርክ?» አለችው አስካለ ጣቢያ ውስጥ።

«አልገደልኩትም።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

ደረሰ መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተመለከታቸው። ገመድ የበላቸው ሰፋፊ እጆች ናቸው። ከዚያ በኋላ ውሃ እንኳ ሲሰጡት አልጠጣም። የምርመራ ክፍሉ ኃላፊ፣ ዝምታ የሚመጣው ከጥፋተኛ ሰው ነው የሚሉት አዛዥ፣ መዝገቡ ተጠናቆ ለዐቃቤ ሕግ ይላክ አሉ። አስካለ ትንሽ ጊዜ ለመነች። ፊታቸውን ቅጭም አድርገው ሰጧት።

*

ከመናኸሪያ ሰዎች መካከል ኤልናታንን የሚጠላ ሌላም ነበር። ኤርሚያስ ይባላል፤ ከአሮጌ መኪና ጎማ ማሰሪያ እየሸነሸነ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። አዲሱ ላስቲክ ገበያውን ስለዘጋበት፣ መጋዘናቸው ሲቃጠል ባየሁ እያለ በአደባባይ ሲያወራ ከርሟል። አስካለ ወሬውን ስትሰማ ተስፋ አደረገች። ተስፋዋ ግን እስከ ምሳ አልቆየም። ኤርሚያስ ያን ዕለት ንጋት ሻሸመኔ ጎማ ሊጭን ሄዶ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ተጨቃጭቋል፤ አስካለ ስትደውልለት ትራፊኩ መልኩን ብቻ ሳይሆን የስድቡን ዓይነት ሳይቀር ያስታውሳል።

ሆኖም ኤርሚያስ ባዶ እጇን አልሰደዳትም። ከሟቹ አንገት ከተወሰደው ላስቲክ ጫፍ የተቆረጠች ቁራጭ ስታሳየው ክብሪት ለኮሰባት። ቁራጯ ቀልጣ ጠብ ጠብ አለች፤ ሽታዋ የሻማ ሽታ ነው።

«እኔ የጎማ ሰው ነኝ፤» አለ ኤርሚያስ። «የመኪና ጎማ ይጨሳል፣ ያራል እንጂ እንዲህ አይፈስም። ይሄ ፕላስቲክ ያለበት ነው። የነሱው ነው እንጂ የኛ አይደለም።»

አስካለ ከእሱ ወጥታ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ሄደች። ብዙአየሁ፣ የሟቹ ሸሪክ፣ ጥቁር ለብሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ ብቻውን ተቀምጧል። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ንግግር የሚያውቅ ሰው ነው፤ የሽያጩ ሥራ የእሱ፣ የቅመማው ሥራ የኤልናታን እንደነበረ ነገራት። ጎማና ፕላስቲክ ባንድ ድስት ቢገቡም እንደ ዘይትና ውሃ አይዋደዱም አላት። የሚያዋድዳቸው ኤልናታን የሚጨምረው ዱቄትና በእሳት በሚግለው የብረት ማተሚያ ላይ የሚበስሉበት ጊዜ ነው። ከዚያ አዝኖ ፈገግ አለና ከመደርደሪያ ጣት የሚያህል ስፋት ያለው ወፍራም ማሰሪያ አውርዶ ፊቷ ዘረጋ።

«የኛ ላስቲክ ይሄ ነው። አንገቱ ላይ የነበረውን አይቼዋለሁ፤ ክር ነው። ፕላስቲክ እንደሆነ የማይሠራው የለም፣ ከየትም ይመጣል። እኛ እንዲህ ያለ ቀጭን ነገር ሠርተን አናውቅም።»

እውነቱን ነው፤ መጋዘኑ ውስጥ ቀጭን ማሰሪያ የሚያወጣ መሣሪያ የለም። ጠረጴዛው ላይ የኤልናታን ቁልፎች ተቀምጠዋል፤ ማንጠልጠያቸው ያው ጣት የሚያህል ጥቁር ላስቲክ ሆኖ «ኤልናታን» የሚል ስም ታትሞበታል። አስካለ ያነሳችውን መልሳ አስቀመጠች። ብዙአየሁ ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ ዕቃ ቤቱን ከፈተላት፤ እዚያም ውስጥ ቀጭን ነገር አልነበረም። ቁልፎቹን የያዘው አዲስ የብረት ቀለበት ሲያብለጨልጭ ዓይኗን ነካው፤ ያን ጊዜ ልብ አላለችውም።

የት እንደነበረ ጠየቀችው። ማለዳ ጸሎት ላይ አለ። እሱም የደረሰ ቤተ ክርስቲያን አባል ነው። መጋቢው፣ የመዘምራን መሪውና ሌሎችም አንድ ባንድ ሲጠየቁ ቃላቸው አልተለያየም፤ ብዙአየሁ እዚያ ነበር፣ እንደውም ጸሎቱን የዘጋው እሱ ነው። ለኢያኤል እያለቀሰ ሲጸልይ ብዙዎቹን አስለቅሷቸዋል።

*

አስካለ ሆስፒታል የሄደችው ከሀሴት ቃል ለመቀበል ነው። ልቧ ግን ልጅቷን ማየት አልፈለገም፤ ስታያትም የፈራችው ሆነ። ኢያኤል አፍንጫዋ ላይ የኦክስጅን ቱቦ ተደርጎላት፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የጎድን አጥንቷ እየገባ እየወጣ ተኝታለች። ሐኪሙ አስካለን ወደ ዳር ወስዶ፣ አባትየው ሊያያት ከፈለገ ባይዘገይ መልካም ነው አላት። ከዚህ በላይ ማብራራት አላስፈለገውም።

ሀሴት ባሏ የት እንደነበረ እንደማታውቅ ተናገረች። ስትናገር ዓይኗን ከልጇ አላነሳችም። አስካለ ሕፃኗን ልትሰናበት ጎንበስ ስትል ከጆሮዋ ጀርባ፣ ፀጉሯ ሥር፣ ግራጫ ብናኝ አየች። የኦርቶዶክስ ልጅ ናትና ሁለቴ ማየት አላስፈለጋትም። እምነት ነው፤ ጸበል ቦታ ለበሽተኛ የሚቀባ አመድ።

የጴንጤ ልጅ ጆሮ ሥር እምነት ምን ይሠራል? አስካለ ምንም ሳትል ወጣች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ ልጁ የምትሞትበት ሰው ደግሞ የማያንኳኳው በር የለም።

ደረሰን ብቻውን አስጠርታ በሩን ዘጋችና፣ ጸበል ነበር የወሰድካት አለችው። ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ትንሽ ቆይቶ ሁሉንም ተናገረ። ሌሊቱን ልጅቷ ትንፋሿ ቆሞ ቆሞ ሲመለስ እያየ አድሯል። ሀሴት ወደ ጸሎት ስትሄድ፣ ነርሷን ለምኖ፣ ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ጸበል በባጃጅ በረረ። ስሟን ሲጠይቁት እውነቱን መናገር አፈረ። ስትወለድ በሟች እናቱ ስም ሊጠራት አስቦ ነበርና ፀሐይ አላቸው።

«ታዲያ ይህን እያወቅህ ለምን ዝም ትላለህ? በነፍስህ እኮ ነው የምትጫወተው።»

«እትዬ፣ ሰው ሁሉ ጾሞ ለልጄ ይጸልያል፣ እኔ በጀርባ ሌላ ደጅ ቆሜያለሁ። ሀሴት ብትሰማ ምን ትላለች? ኢያኤል ብትሞት በአንተ ጥርጣሬ ነው ትለኛለች። ሞቷን እችል ይሆናል። ይህን አልችልም። አይንገሯት። የፈለጋችሁትን አድርጉኝ፣ እሷን ብቻ አይንገሯት።»

አስካለ ቃሏን ሰጠችው። መርማሪ እንዲህ ያለ ቃል መስጠት እንደሌለበት ታውቃለች፤ ሰጠችው።

በማግስቱ ነርሷ ሥራዋን ፈርታ ምንም አላየሁም ስትላት፣ ጸበል ቦታው ሄዳ ሕዝቡን የሚያስተናግደውን ዲያቆን አነጋገረች። የደረሰን ፎቶ አይቶ፣ በየቀኑ ስንቱ ይመጣል፣ አላስታውሰውም አለ። ፀሐይ የምትባል የልብ ሕመምተኛ ሕፃን ስትለው ግን ፊቱ ፈካ። አስታውሳታለሁ አለ፤ ግን ያመጣቻት እናቷ ናት፣ ብቻዋን፣ እምነት ራሴ ነኝ የቀባኋት፣ ከትናንት ወዲያ ነው።

አዛዡ ይህን ሲሰሙ ጠረጴዛቸውን በመዳፋቸው መታ አደረጉ። በእሳቸው ቤት ደረሰ በእግዚአብሔር ቤት ሳይቀር ዋሽቷል። መዝገቡ ነገ ይላካል አሉ። እስረኛውም ወደ ማረሚያ ቤት ይዛወራል፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል አጅቦ የሚወስደው አይኖርም።

አስካለ የዲያቆኑን ቃል መኪና ውስጥ ደጋግማ አሰበችው። ደረሰ ከታሰረ በኋላ የተቀባ እምነት። ፀሐይ የሚል ስም። ዲያቆኑ አልተሳሳተም፣ ደረሰም አልዋሸም። የገባትን ግን ለማንም መናገር አትችልም፤ ብትናገርም ለደረሰ ምስክር አይሆነውም። እንዲህ ያለ ተስፋ መቁረጥ ደርሶባት አያውቅም። እውነቱን ይዛ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ።

*

ደበሌ ካልበሉ አይሆንም ብሎ ወደ ሐይቁ፣ አሞራ ገደል ወሰዳት። ፈትያ የምትባል ዓሣ ጠባሽ ደንበኛቸው ናት። ዓሣው ቀረበ፤ አስካለ ግን አጥንቱን ከመቁጠር በቀር አልነካችውም።

ነፋስ ከሐይቁ ተነስቶ የፈትያን የሸራ ጥላ ሲያንገላታው አንዱ ጥግ ረገበ። ፈትያ እያጉረመረመች ማሰሪያዎቹን ፈታች። ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም የእነኤልናታን ላስቲክ ናቸው፤ ሁለቱም ተለጥጠው ቀጥነዋል። ዕቃ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ጥላቸው የፈላ ውሃ ደፋችባቸው። አስካለ ዓይኗ እያየ አንደኛው ተኮማተረ፣ አጠረ፣ ወፈረ። ሌላኛው እንደነበረ ሟሽሾ ቀረ።

«አየሽ እትዬ አስካለ፤» አለች ፈትያ። «የመጀመሪያው ይመለሳል። ይሄ አሁን የገዛሁት አይመለስም። ዕቃው እየረከሰ ሄዷል።»

አስካለ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ምን አልሽ? ድገሚልኝ።»

«አይመለስም አልኩ። ኤልናታን፣ ነፍሱን ይማረው፣ ሥራ ሲጀምሩ እዚህ መጥቶ ሲያሳየን፣ ቢለጠጥ እንዳትጥሉት፣ ሙቀት ሲያገኝ ቅርጹን ያስታውሳል፣ ይመለሳል ይለን ነበር። ያኔ ሁለቱም የስማቸው ማኅተም ያለበት የቁልፍ ማንጠልጠያ አንገታቸው ላይ አድርገው በኩራት ሲዞሩ ማየት ነበር።»

ሁለቱም። አስካለ የሚያብለጨልጨው የብረት ቀለበት ታያት።

ያ ሁሉ ጊዜ እሷም፣ ደበሌም፣ አዛዡም የሱቅ ወረቀት ነበር ያነበቡት። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ኤልናታን ግን ስለ ሽያጭ አላወራም። የእሱ ዱቄት የገባበት፣ በደንብ የበሰለው ላስቲክ ቢለጠጥ ይመለሳል፤ ሳይበስል የወጣው ሙቀት ሲነካው ይረግባል፣ ረግቦም ይቀራል። ዲላ መንገድ ላይ አልጋውን የጣለው ይኸው ነው። ‹ያንተ ላስቲክ አይመለስም› የተባለው ሰው ማሰሪያ የገዛ ሰው አይደለም። የሠራው ሰው ነው።

መኪና ውስጥ ደበሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ለብዙአየሁ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ሰው መስክሮለታል ሊል እንደሆነ አስካለ ገምታለች። እሱ ግን ሌላ ነገር ተናገረ። እሱም ጴንጤ ነው።

«ኢንስፔክተር፣ እርስዎ ቆመው ሲያስቀድሱ ዓይንዎን አይጨፍኑም። እኛ ግን ለረጅም ሰዓት ጨፍነን ነው የምንጸልየው። ሁሉም ባንድ ድምፅ ይጮኻል። ማን እንደገባ፣ መቼ እንደገባ አናይም። ስንገልጥ አጠገባችን ያለውን ሰው፣ ከመጀመሪያው የነበረ ነው የሚመስለን።»

«ቀድመህ አትነግረኝም ነበር?»

«አሁን ነው የገባኝ። እኔም እንደነሱ ነበር ያሰብኩት።»

*

ወደ መጋዘኑ ሲሄዱ አዛዡን ይዘው ነው። አስካለ ደጃቸው ላይ ቆማ፣ ይህ የመጨረሻ ሙከራዬ ካልተሳካ መዝገቡን በእጄ ወስጄ አስረክባለሁ አለቻቸው። አባባ ገብረጻድቅም እንዲገኙ አደረገች። ብዙአየሁ በያዘው ቁልፍ በሩን ከፈተላቸው። ማተሚያውን እንዲያሞቀው ጠየቀችው፤ ፊቱ ላይ ምንም አልታየም። አሞቀው።

የአንገቱን ላስቲክ ከማስረጃው ከረጢት አወጣች። ደበሌ በሜትር ለክቶ ፎቶ አነሳው። ለላቦራቶሪ የሚሆን ጫፍ ቀደም ሲል ተቆርጦ ተቀምጧል።

«ቁልፍ የምትይዝበት ላስቲክ የት ሄደ?» አለችው ብዙአየሁን።

«ለደንበኛ ናሙና ሰጠሁት።»

«መልካም።»

ቀጭኑን ክር የጋለው ብረት ላይ አጋደመችው። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም፤ አስካለ ይህም ካልሆነ ነገ ደረሰ፣ ነገ ያቺ ሕፃን እያለች ቆመች። ከዚያ ክሩ ተንቀሳቀሰ። ከሁለቱም ጫፍ ወደ መሃል እንደ ትል ተሳበ፤ አጠረ፣ ሰፋ፣ ጣት አከለ። ስፋቱ ላይ መጀመሪያ ጭረት የሚመስል ነገር ወጣ፤ ጭረቱ ፊደል ሆነ። አባባ ገብረጻድቅ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉና ጮክ ብለው አነበቡት።

«ብ-ዙ-አ-የ-ሁ።»

ብዙአየሁ ማተሚያውን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየ። እጁን ሊዘረጋ ፈልጎ ግለቱን ፈርቶ መለሰው።

«ሲጎተት ቀጠነ፤» አለ በመጨረሻ፤ የሚያወራው ለላስቲኩ ይመስል ነበር። «ስሜም ጠፋ። አየሁት፣ የእኔ አይመስልም። ማንም የእኔ ነው አይልም ብዬ ተውኩት። ይመለሳል ሲል የሽያጭ ወሬ ነበር የሚመስለኝ። እኔ ስሸጠው የኖርኩት ሳላምንበት ነው።»

የቀረውን ጣቢያ ሆኖ ተናገረ። ትእዛዝ ሲበዛ ማብሰያውን ጊዜ አሳጥሮ፣ ዱቄቱን ዘልሎ፣ ኤልናታን በሌለበት ያወጣው እሱ ነው። ሲቀዘቅዝ ሁለቱም ዓይነት አንድ ይመስላሉ፤ ማን ያውቃል ብሎ ነበር። ደረሰ ማዳበሪያውን ጥሎ በሄደ ዕለት ግን ኤልናታን አንዱን ማሰሪያ አሙቆ ሞከረውና አወቀ። በማግስቱ ንጋት ብዙአየሁን ጠርቶ፣ ያለውን ሁሉ ከገበያ እንሰበስባለን፣ መናኸሪያ ሄጄም ቋጠሮው ልክ ነበር፣ ጥፋቱ የእኛ ነው ብዬ ለደረሰ እመሰክራለሁ አለው። ለምኖት እምቢ ሲለው ብዙአየሁ ከገዛ አንገቱ ማንጠልጠያውን አውጥቶ ቁልፎቹን ነቀለና በእሱ አነቀው። ከዚያ ሮጦ ጸሎት ገባ።

ደረሰ ገደለው የተባለው ሰው፣ ለደረሰ ሊመሰክር የነበረ ብቸኛ ሰው ነው። አዛዡ ይህን ሰምተው የመፍቻውን ወረቀት ራሳቸው ፈረሙ።

*

አስካለና ደበሌ ደረሰን በእሷ መኪና ሆስፒታል ወሰዱት። ብዙ ቀን እህል አልቀመሰም። ደረጃውን ሲወጣ ደበሌ ብብቱን ይዞ ደገፈው።

ሀሴት አልጋው አጠገብ ነበረች። ኢያኤል እንዳለች አለች፤ ትንፋሿ ግን ይቆማል፣ ቆይቶ ይመጣል። ደረሰ በር ላይ ቆሞ አልገባም አለ። ያን ሁሉ ጊዜ ያፈነውን ከመግባቱ በፊት ሊያወጣው ፈለገ።

«ሀሴት፣ የዚያን ዕለት የነበርኩበትን ልንገርሽ። ጸበል ወስጃት ነበር። እናንተ ስትጸልዩ እኔ እዚያ ነበርኩ። ይቅር በይኝ።»

ሀሴት ቀስ ብላ ዞረች።

«እኔም ወስጃታለሁ፤» አለች። «አንተ ከታሰርክ በኋላ። እንዳትሰማብኝ ስፈራ ነው የከረምኩት።»

«ስሟን ማን አልሻቸው?»

«በእናትህ ስም። ፀሐይ።»

ደረሰ የሳቀ መሰለ፤ ሳቅ አልነበረም። አልጋው ሥር ተንበረከከና አንዱን ሰፊ ጣቱን የልጁ መዳፍ ውስጥ አስገባ። ትንሿ እጅ አልጨበጠችውም፤ አልለቀቀችውምም። ትንፋሿ ቆመ። ሁሉም ትንፋሹን ያዘ። ከዚያ ደረቷ ከፍ አለ።

«እትዬ፤» አለ ደረሰ ፊቱን ሳያዞር። «ትመለስልኝ ይሆን?»

አስካለ በሐኪሙ ፊት ላይ ያየችውን አይታለች። ለመመለሷ ማስረጃ የላትም። እጇ ላይ ያለው ሁሉ የሚናገረው ሌላ ነው። ያመማትን ጉልበቷን አጥፋ አጠገቡ ተቀመጠችና እጇን ትከሻው ላይ አደረገች።

«የምትመለስ ይመስለኛል፤» አለችው።